ፍሬዶን ሆኖ የሠራው ሰውዬ፦ ስለ ጆን ካዛል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮ ፊልም ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህ ሰውዬ ይነሳል። ስሙ ግን አይነሳም። “ያ ግንባረ ሰፊው”፣ “ያ ዓይኑ የሚያሳዝነው”፣ “ያ ደካማው ወንድም” ይባላል። ስሙ ጆን ካዛል ነው፤ “ዘ ጎድፋዘር” በሚባለው የማፊያ ቤተሰብ ፊልም ላይ ፍሬዶ የሚባለውን ወንድም ሆኖ የሠራው። ስለ እሱ ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻ አልደበቅሁም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው የደረሱ፣ አንዳንዶቹም ያለፉ ናቸውና ይቅር በሉኝ።

ጆን ካዛል ማን ነበር?

አሜሪካዊ የመድረክና የፊልም ተዋናይ። በ1935 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ቦስተን አጠገብ ባለችው ሪቪር ተወለደ። በአባቱ የጣሊያን፣ በእናቱ የአየርላንድ ዘር አለበት። በ1978 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ገና 42 ዓመቱ ነበር።

በፊልም ዋና ተዋናይ ሆኖ አያውቅም። ፖስተሩ ላይ ገንኖ የሚወጣው ፊት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነበር። እሱ ከዋናው ሰው ጎን ይቆማል። ዝም ይላል፣ ያዳምጣል፣ ይደነግጣል። ዋናው ሰው ታዲያ ዋና የሚመስለው በእሱ ድንጋጤ ነው።

“አምስት ፊልም ሠርቶ አምስቱም ለኦስካር ታጩ” የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ወሬ?

እውነት ነው። በ1962 የተሠራ አንድ አጭር ፊልምና በ1968 የታየበት አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ክፍል አለ። እነሱን ከተውን ፊልሞቹ አምስት ናቸው፦ “ዘ ጎድፋዘር” (1972)፣ “ዘ ኮንቨርሴሽን” (1974)፣ “ዘ ጎድፋዘር ክፍል ሁለት” (1974)፣ “ዶግ ዴይ አፍተርኑን” (1975) እና “ዘ ዲር ሃንተር” (1978)። አምስቱም ለምርጥ ፊልም ታጭተዋል። ሁለቱ ጎድፋዘሮችና “ዘ ዲር ሃንተር” አሸንፈዋል። የ1974ቱ ሁለት ፊልሞች እርስ በርስ ነው የተወዳደሩት። የሁለቱም ዳይሬክተር ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ነው፤ ካዛልም ሁለቱም ውስጥ አለ።

በ1990 የወጣው “ዘ ጎድፋዘር ክፍል ሦስት” ላይም የድሮ ምስሉ ይታያል። ሰውዬው ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል። ያም ፊልም ለምርጥ ፊልም ታጨ!

እኔን ግን ቁጥሩ ብቻውን አያሳምነኝም። ኮፖላ በጉብዝናው ዘመን ሲጠራህ መገኘት ዕድልም ነው። ዕድሜ ቢሰጠው ኖሮ ካዛልም አንድ ሁለት የማይረባ ፊልም መሥራቱ አይቀርም ነበር። የቤት ኪራይ ማንንም አይምርም።

ፊልም ከመጀመሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር?

በኦበርሊን ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ድራማ ተምሯል። ከዚያ የአብዛኛው ተዋናይ ኑሮ መጣ። ታክሲ ነድቷል። ፎቶ አንስቷል። ኒው ዮርክ ውስጥ ስታንዳርድ ኦይል የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ፖስታ አመላልሷል። በመሃል መሃል ትያትር ይሠራል። “ዘ ጎድፋዘር” ሲወጣ 36 ዓመቱ ነበር።

ከአል ፓቺኖ ጋር የት ተዋወቁ?

እዚያው ኩባንያ ውስጥ። ፓቺኖም ተላላኪ ነበር። ሁለት ፖስታ አመላላሾች፣ ሁለቱም ተዋናይ ነኝ ባዮች።

በኋላ በእስራኤል ሆሮዊትዝ “ዘ ኢንዲያን ዎንትስ ዘ ብሮንክስ” ትያትር ላይ ተገናኙ። መጀመሪያ በ1966 ኮነቲከት ውስጥ ዋተርፎርድ ላይ፣ በ1968 ደግሞ ኒው ዮርክ፣ አስተር ፕሌስ ትያትር ቤት አብረው ሠሩት። ታሪኩ እንዲህ ነው። ጉፕታ የሚባል ሕንዳዊ ልጁን ፍለጋ ኒው ዮርክ ይመጣል፤ ይጠፋበታል። እንግሊዝኛ አይችልም። ማታ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ሁለት ዱርዬዎች ያገኙታል። መጀመሪያ ይቀልዱበታል። ከዚያ ቀልዱ ይከፋል። ፓቺኖ አንዱ ዱርዬ ነው። ካዛል ጉፕታ ነው።

ዛሬ ቢሆን ለዚያ ቦታ ሕንዳዊ ተዋናይ ይፈለግ ነበር፤ ልክም ነው። ግን ሥራውን አስቡት። ተመልካቹ የማይገባውን ቋንቋ እየተናገርክ ሰው ሆነህ መታየት አለብህ። አዲስ አገር ገብቶ ቋንቋ ጠፍቶት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ሁለቱም ኦቢ የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። ከብሮድዌይ ውጭ ላሉ ትያትሮች የሚሰጥ ትልቅ ሽልማት ነው።

ፓቺኖ በኋላ ሲናገር፣ ስለ ትወና ከማንም በላይ የተማርኩት ከጆን ነው ብሏል። የፓቺኖ አስተማሪዎች እነማን እንደነበሩ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ንግግር አይደለም። ካዛል ስለሚሠራው ሰው ጥያቄ መጠየቅ አይታክተውም ነበር አሉ። መልስ ባያገኝም ግድ የለውም፤ ይጠይቃል።

ፍሬዶን እንዴት አገኘው?

“ላይን” በሚባል በሌላ የሆሮዊትዝ ትያትር ላይ ይሠራ ነበር። ሪቻርድ ድራይፈስም አብሮት ነበር። ለኮፖላ ተዋናይ የሚመለምለው ፍሬድ ሩስ አየው። በቃ፣ ፍሬዶ ተገኘ።

ፍሬዶ ቦቅቧቃ ነው። ቦቅቧቃ ሆኖ መሥራት ምን ይከብዳል?

ይህን ጥያቄ ነው የምወደው።

ቦቅቧቃ መሥራት አይከብድም። ትከሻህን ታጥፋለህ፣ ትንተባተባለህ፣ ሰው ይስቅብሃል። የሚከብደው ቦቅቧቃነቱን የሚያውቅ ሰው መሥራት ነው። ፍሬዶ ያውቃል። ሰው ሲንቀው ያውቃል። ሲታዘንለትም ያውቃል፤ ያ ደግሞ ይብስበታል።

አባትየው መንገድ ላይ በጥይት የሚመታበትን ቦታ አስታውሱ። ፍሬዶ ሽጉጥ ይዟል። ጠባቂ መሆን ያለበት እሱ ነው። ሽጉጡ እጁ ውስጥ ይንቀለቀላል፣ ከዚያ ይወድቅበታል። አባቱ አስፋልት ላይ ተዘርሯል። ፍሬዶ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ብዙ ተዋናይ እዚህ ላይ በኀዘን ይጮሃል። የካዛል ልቅሶ ውስጥ ግን እፍረትም አለ። አባቴ ሞተ ብቻ አይደለም የሚያስለቅሰው፤ እኔ እያለሁ ነው የሞተው የሚል ነገር ፊቱ ላይ አለ።

ክፍል ሁለት ላይ ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለው ቤት ትዕይንት አለ። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ። ፍሬዶ ወደ ኋላ በሚያጋድል ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተንጋሎ ነው የሚያወራው። ቤተሰቡን ለጠላት አሳልፎ መስጠቱን ታናሹ ማይክል (ፓቺኖ) ደርሶበታል። አስቡት፣ ታናሽ ወንድምህ በነፍስህ ላይ ሊፈርድ መጥቶ አንተ ተንጋለሃል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ የሞተ ነው። ከዚያ የታመቀው ይፈነዳል። ታላቅህ እኔ ነኝ፣ ረግጣችሁኝ አለፋችሁ፣ ሰው እንደሚለው ደደብ አይደለሁም፣ ብልህ ነኝ ይላል። እጁ ይወራጫል። ሊነሳ ይሞክራል። ወንበሩ መልሶ ይውጠዋል።

እኛ አገር ይህን ትዕይንት ማስረዳት አያስፈልግም። ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ ሲነግሥ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ። ለፍሬዶ ምስር ወጡን እንኳ አልሰጡትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በሙሉ ወደ አንዲት ትንሽ ጀልባ ነው የሚሄደው። ፍሬዶ ዓሣ እያጠመደ የማርያምን ጸሎት ይደግማል። የተኩስ ድምፅ እንሰማለን። ማይክል ከሩቅ ያያል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማይክልን ልንረዳው እንሞክር ነበር። ከዚያ በኋላ አንችልም። ክፍል ሁለትን ትራጄዲ ያደረገው የፓቺኖ ፊት ነው ይባላል፤ አዎ፣ ግን ፍሬዶን ባንወደው ኖሮ ያ ፊት ምንም ባላለን ነበር።

“ዘ ኮንቨርሴሽን” ላይ የቱ ነው? አላስታውሰውም።

ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ስታን ይባላል። ጂን ሃክማን የሰው ወሬ በድብቅ የሚቀዳ ባለሙያ ነው፣ ስታን ረዳቱ። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ቴፑን ይቆጣጠራል፤ በመሃል በመስታወቱ በኩል ቆንጆ ሴት ካየ ፎቶ ያነሳል። ሰዎቹ ስለ ምን እንደሚያወሩ ማወቅ ይፈልጋል። ሃክማን ግን ጥያቄ አይወድም፤ ይቆጣዋል። ስታን ይከፋዋል፣ ጥሎት ይሄዳል። ትንሽ ቦታ ናት። ያለ እሷ ግን ሃክማን ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነ አናይም ነበር።

ሳልስ? “ዶግ ዴይ አፍተርኑን” ላይ ያለው?

ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ነው። ፍሬዶን የሚያስቀድሙ ይቅር ይበሉኝ።

ፊልሙ በ1972 ብሩክሊን ውስጥ በእውነት በተደረገ የባንክ ዝርፊያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዘራፊዎቹ ፓቺኖና ካዛል ናቸው፣ ሳል ካዛል ነው። እውነተኛው ሳል 18 ዓመቱ ነበር። ካዛል ወደ አርባ ተጠግቷል፤ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት አይሆንም አለ። ፓቺኖ ግን እስቲ ሞክረው እያለ ወጥሮ ያዘው። ካዛል መጥቶ ጥቂት አነበበ፤ ሉሜት በደቂቃዎች ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ።

ፊልሙ ውስጥ ፓቺኖ ይጮሃል፣ ይሮጣል፣ ከፖሊስ ጋር ይደራደራል፣ ሕዝቡን ያስጨበጭባል። ሳል መሣሪያውን ይዞ ዝም ይላል። አስፈሪው ሰው ማን ነው ብትሉ ሳል ነው፤ ሰው እገድላለሁ ሲል ከልቡ ነውና። አሳዛኙስ? እሱም ሳል ነው።

አንድ ቦታ ፓቺኖ ይጠይቀዋል። ከዚህ ስንወጣ ወደየት አገር መሄድ ትፈልጋለህ? ሳል ያስብና “ዋዮሚንግ” ይላል። ዋዮሚንግ አገር አይደለችም፤ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ያለች ግዛት ናት። ቃሏ ስክሪፕቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ካዛል ራሱ የፈጠራት ናት። ሉሜት ከካሜራው ኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቀረጻውን ሊያበላሸው ነበር። ካዛል ግን አልቀለደም። ሳል በሕይወቱ የትም ሄዶ አያውቅም። የሚያውቃት ሩቅ አገር ዋዮሚንግ ናት።

ሌላም አለ። ከታጋቾቹ አንዷ ሲጋራ ልታጨስ ስትል ሳል ይመክራታል። ሰውነትሽ የጌታ ቤተ መቅደስ ነው ይላታል። ባንክ እየዘረፈ! ሰው ይስቃል። እኔ ግን ካዛል ራሱ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው እንደነበረ ካወቅሁ በኋላ እዚያች ቦታ ላይ መሳቅ አልቻልኩም።

የሜሪል ስትሪፕ ባል ነበር?

አልተጋቡም። አብረው ኖረዋል። በ1976 የበጋ ወራት ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ ጆሴፍ ፓፕ በሚያዘጋጀው የሼክስፒር ትያትር ላይ ተገናኙ። ሥራው “ሜዠር ፎር ሜዠር” ነበር። ካዛል አንጀሎን ሆነ፤ ንጹሕ ነኝ እያለ የኢዛቤላን ወንድም ሕይወት በገላዋ ለመለወጥ የሚደራደረውን ገዥ። ስትሪፕ ኢዛቤላን ሆነች። መድረክ ላይ እየተጠላሉ ከመድረክ ውጭ ተዋደዱ። እሷ ያኔ በፊልም ገና አትታወቅም ነበር።

በ1977 ካንሰሩ ተገኘ። ተስፋፍቶ ነበር። ስትሪፕ ከጎኑ አልተለየችም። የተለየችው የሕክምና ወጪውን ለመሸፈን ብላ ኦስትሪያ ውስጥ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ቀረጻ በሄደች ጊዜ ነው። ሥራው እንዳለቀ ተመለሰች። መጋቢት 1978 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሲሞት አጠገቡ ነበረች።

“ዘ ዲር ሃንተር”ን ታሞ ነው የሠራው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ዳይሬክተሩ ማይክል ቺሚኖ ያውቅ ነበር። ስለዚህ የካዛልን ትዕይንቶች አስቀድሞ ቀረጸ። የፊልሙ ባለገንዘቦች መታመሙን ሲሰሙ ይውጣ አሉ። ነገሩ የኢንሹራንስ ነው፤ ተዋናይ መሃል ላይ ቢሞት ወጪውን ማን ይሸፍናል? ቺሚኖና ስትሪፕ እሱ ከወጣ እኛም እንወጣለን አሉ። ኢንሹራንሱን ሮበርት ዲ ኒሮ ከኪሱ ከፈለ ተብሎም ይነገራል። ዲ ኒሮ ግን በዚህ አይመጻደቅም፤ ካሰብነው በላይ ታሞ ነበር፣ እኔ ግን ፊልሙ ላይ እንዲኖር ፈልጌ ነበር ነው ያለው።

ገጸ ባሕርይው እዚህም ስታን ነው የሚባለው። ሁለት ስታን፣ አንድ ተዋናይ። ይህኛው ጉረኛ ነው። መስታወት ባገኘ ቁጥር ራሱን ያያል። ትንሽ ሽጉጥ ይዞ ይዞራል። አደን ሲወጡ ጫማውን ረስቶ ይመጣል፣ ከዲ ኒሮ ሊዋስ ይጠይቃል፣ ይከለከላል። ሰውነቱ በእውነት እየመነመነ ነበር፤ ፊልሙ ላይ ያስታውቃል። ራሱን መስታወት ውስጥ እያየ ፀጉሩን ሲያስተካክል ሳይ፣ ያኔ የሚያየው ስታንን ነው ወይስ ጆንን እላለሁ።

ፊልሙ ሳያልቅ ሞተ። ታኅሣሥ 1978 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ምርጥ ፊልም ተባለ።

እሱስ ስንት ኦስካር ወሰደ?

ዜሮ። ለእጩነትም አልደረሰም። በዶግ ዴይ ለጎልደን ግሎብ ታጭቶ ነበር፤ ያችው ናት።

ደሜን የሚያፈላው ዝርዝሩ ነው። በመጀመሪያው ጎድፋዘር ለምርጥ ረዳት ተዋናይ ሦስት ሰው ታጨ፦ ፓቺኖ፣ ጄምስ ካን፣ ሮበርት ዱቫል። በሁለተኛው ደግሞ ሌላ ሦስት፦ ዲ ኒሮ፣ ሊ ስትራስበርግ፣ ማይክል ጋዞ። ዶግ ዴይ ላይ ክሪስ ሳራንደን። ዲር ሃንተር ላይ ክሪስቶፈር ዎከን። ስምንት እጩ! ዲ ኒሮና ዎከን ወሰዱት። ሁሉም የሚገባቸው ናቸው፣ ማንንም አልነቅልም። ግን ከግራ ከቀኙ ያለው ሁሉ ሲጠራ መሃል ላይ የቆመው ሰው እንዴት አይታይም?

የእኔ ግምት ይህ ነው። ሽልማት የሚሰጠው ትወናው ሲታይ ነው። የካዛል አይታይም። ሰው ፍሬዶን አይቶ “ይህ ምን ዓይነት ደካማ ነው” አለ እንጂ “ይህ ምን ዓይነት ተዋናይ ነው” አላለም። ገጸ ባሕርይው ተናቀ፣ ንቀቱ ለተዋናዩ ተረፈ። እስከ ዛሬም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ “ፍሬዶ” ስድብ ነው። በ2019 ያኔ የሲኤንኤን ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የነበረው ክሪስ ኩሞ አንድ ሰው ፍሬዶ ብሎ ጠራኝ ብሎ ጠብ ሲያነሳ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ስድቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሠሪውን ማንም አልጠየቀም።

ስሙን የሚያስታውስ ነገር አለ?

ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ላይ በስሙ የተሰየመ ትንሽ ትያትር ቤት አለ፤ ማክጊን/ካዛል ይባላል። በ2009 ደግሞ ሪቻርድ ሼፐርድ ዘጋቢ ፊልም ሠራለት። አርባ ደቂቃ ያህል ናት። ርዕሷ “አይ ኒው ኢት ዎዝ ዩ” ነው፤ ማይክል ሃቫና ላይ ፍሬዶን ከሳመው በኋላ የሚለው፣ “አንተ እንደሆንክ አውቄያለሁ” የሚለው ንግግር። ፓቺኖ፣ ስትሪፕ፣ ዲ ኒሮ፣ ሃክማን፣ ኮፖላና ሉሜት ይናገሩበታል። ከእነሱ በኋላ የመጡት ስቲቭ ቡሼሚ፣ ፊሊፕ ሲሞር ሆፍማንና ሳም ሮክዌልም አሉ። የእነዚህን የሦስቱን ፊልሞች ያየ ሰው ካዛል የት እንደሄደ ይገባዋል።

አንድም አላየሁም። ከየቱ ልጀምር?

ጎድፋዘርን አስቀድሙ፣ ክፍል ሁለትን አስከትሉ። በጊዜ ቅደም ተከተል ካላያችሁት የፍሬዶ ነገር አይጣፍጥም። መጀመሪያው ላይ ያለው ሠርግ ላይ ሞቅ ብሎት መጥቶ ታናሽ ወንድሙና ፍቅረኛው አጠገብ ቁጢጥ የሚለው እሱ ነው። እዚያ ጋ ልብ በሉት። “ዘ ዲር ሃንተር” ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለእሁድ አቆዩት።

ጊዜ ከሌላችሁና አንድ ብቻ ከሆነ ግን ዶግ ዴይን እዩ። የሚጮኸውን ተዉትና ዝም የሚለውን ተከታተሉ። መጨረሻ ላይ መኪናው ወደ አየር ማረፊያ ሲሄድ ሳል ከኋላ ተቀምጧል። አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፣ ፈርቷል። ሹፌሩ መንገዱ ጉድጓድ አለው፣ መሣሪያህ እንዳይባርቅብኝ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ይለዋል። ሹፌሩ የኤፍቢአይ ሰው ነው። ሳል ይታዘዘዋል።